ጥቆማ፦ ቢሾፍቱ ሐይቆች፤ የትኛው ይዋኝበታል፣ የትኛው ይታያል ብቻ?

ጥያቄ፦ ከቱሉ ዲምቱ ቅዳሜ ጠዋት ወጥተን ማታ የምንመለስ ስድስት ሰዎች ነን። ሁለቱ ልጆች ናቸው፣ ዋና የሚችለው አንድ ሰው ነው። የቱ ሐይቅ ይሻለናል? ላይፍ ጃኬት እዚያው እንከራይ ወይስ ገዝተን እንሂድ?

የአቃቂ ሰው፦ ሆራ፣ ባቦጋያና ቢሾፍቱ ሐይቅ ቅልጥ አለት ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ተገናኝቶ ፈንድቶ የቀደዳቸው ጉድጓዶች ናቸው። ዳራቸው እንደ ላንጋኖ ቀስ እያለ አይጠልቅም፤ ጉልበት ድረስ ከቆማችሁበት ጥቂት እርምጃ ብትጨምሩ እግር መሬት ሊያጣ ይችላል። ቢሾፍቱ ሐይቅ 87፣ ባቦጋያ 65፣ ሆራ 38 ሜትር ገደማ ይጠልቃሉ።

ስለዚህ ቢሾፍቱ ሐይቅን ከላይ ሆናችሁ ምሳ እየበላችሁ እዩት፤ መውረድ አያስፈልግም። ጠርዙ ልቅ አመድና ጠጠር ነው፣ በተለይ ክረምት ላይ ውሃ ጠጥቶ ይናዳል። ለፎቶ ብሎ ጫፉ ላይ መቆም የለም። ጀልባ ካማራችሁ ሆራ። መዋኘት የግድ ከሆነ ባቦጋያ ዳር ካሉት ሎጆች መሰላል ወይም መረማመጃ ያለውን ምረጡ፤ ከተዳፋት ሣር ላይ ተንሸራቶ መግባት ቀላል ነው፣ መውጣቱ ነው ጭንቁ። ለእናንተ ግን፣ ልጆች ስላሉ፣ ኩሪፍቱ ካለው የውሃ መዝናኛ ፓርክ የተሻለ አላይም። በገንዳ ውስጥ ጥልቀቱ ይታወቃል።

ጀልባ ነጂ፦ ስለ ጃኬቱ፦ ለአዋቂዎቹ መከራየት ይቻላል፣ የልጆቹን ግን ገዝታችሁ ሂዱ። በልኩ የልጅ ጃኬት ማግኘት ከባድ ነው፣ የአዋቂ ጃኬት ደግሞ ልጁን አሾልኮ ይጥለዋል። ስትገዙ ውስጡ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። የሚሸከመው የሰውነት ክብደት በኪሎ፣ የማንሳፈፍ አቅሙ በኒውተን ተጽፏል። 50 ኒውተን ዋና ለሚችል ሰው ነው፤ ራሱን የሳተን ሰው ፊቱን ወደ ላይ አይገለብጥም። ለማይዋኝ 100 እና ከዚያ በላይ፣ አንገት ላይ ትራስ ያለው፣ ለልጅ ደግሞ በእግር መሃል የሚታሰር ቀበቶ ያለው። አልብሳችሁ በሁለቱ ትከሻ በኩል ወደ ላይ ሳቡት፤ አገጭና ጆሮ ካለፈ ሰፊ ነው። የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክና በአፍ የሚነፋ አሻንጉሊት አይቆጠሩም፤ ነፋስ ከነልጁ ወደ መሃል ይነዳቸዋል።

ከመሳፈራችሁ በፊት ዋጋው በሰው ነው ወይስ በጀልባ፣ ለስንት ደቂቃ እንደሆነ ጨርሱ። ጃኬቱ በሰው ቁጥር ልክ ከሌለ፣ ወይም ወለሉ ላይ ውሃ ካለና ነጂው «ምንም አይደል» ካለ፣ ውረዱ። ጠዋት ይሻላል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳል። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ውስጥ ጥቂት ውሃ ጨምራችሁ ክዳኑን አጥብቁ፣ እጀታው ላይ 15 ሜትር ገመድ እሰሩ። ሰው ሲሰምጥ የሚወረወረው ይሄ ነው። ተከትሎ ዘሎ የሚገባው ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ሟች ይሆናል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907።

የአቃቂ ሰው፦ አንድ ልጨምር። ታኅሣሥና ጥር ላይ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ የላይኛው ውሃ ይከብድና ይሰምጣል፣ ከሥር ያለው ኦክስጅን የሌለው ውሃ ይወጣል። ቀለሙ ከተለወጠ፣ የበሰበሰ ዕንቁላል ከሸተተ ወይም ዓሣ ሞቶ ከተንሳፈፈ አትግቡ፤ ዓሣውንም ርካሽ ነው ብላችሁ አትግዙ። ከመስቀል በኋላ፣ በመስከረም መጨረሻ ገደማ በሚውል እሑድ ደግሞ ሆራ ላይ ኢሬቻ ይከበራል፤ ለመዝናናት ሌላ ቀን ያዙ።

ጠያቂ፦ እናመሰግናለን። ወንጪ ሐይቅስ? ደግሞ መኪናችን አንድ ናት፣ ሁለት ሰው ይተርፋል።

ጀልባ ነጂ፦ ወንጪ ያምራል፤ ፈረስ አለ፣ ቂርቆስ ገዳም ወዳለበት ደሴት የሚሻገር ጀልባ አለ። ግን ደጋ ነው፣ ውሃው ያንዘፈዝፋል፣ መንገዱም በወሊሶ ሆነ በአምቦ ሩቅ ነው። ከልጅ ጋር ደርሶ መልስ በአንድ ቀን አልመክርም፤ ካደራችሁ ጥሩ ነው። ለቢሾፍቱ የተረፉት ሁለቱ ከቃሊቲ መናኸሪያ ሚኒባስ ይያዙ። መኪናዋ በፈጣን መንገዱ ከገባች ቲኬቱን አትጣሉ፣ ክፍያው ስትወጡ ነው። ለልጆቹ ነጠላ ጫማ ሳይሆን ተረከዙን የሚይዝ ጫማ ያዙ፤ ድንጋዩ ስለታም ነው።