ሚኒቶንካ ሐይቅ ላይ አረሙ መንጠቆ አላስጥል አለ፤ ባስ የሚባለው አሳ እንዴት ይያዛል?

ካያከኛው፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሚኒሶታ፣ ሚኒቶንካ ሐይቅ ላይ ከካያክ ነው የማጠምደው። እስከ ጁን አጋማሽ ክራንክቤይት (ሲጎተት የሚጠልቅ አሳ መሳይ ማታለያ) ብጎትትም ችግር አልነበረውም። አሁን ጁላይ ሲገባ ሚልፎይል የሚባለው የውሃ አረም ከሥር ተነሥቶ ውሃው ፊት ላይ ተኝቷል፤ የምወረውረው ሁሉ እቅፍ አረም ይዞ ይመለሳል። ውሃው ጠዋት 76፣ ከሰዓት 81 ፋራናይት ነው። ዘንጌ ባለ 6 ጫማ ተኩል፣ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው (ሚዲየም) ስፒኒንግ፣ ክሩ 8 ፓውንድ የሚችል ሞኖ (ነጠላ የፕላስቲክ ክር)። ላርጅማውዝ ባሱ አረሙ ውስጥ እንዳለ አያጠራጥርም፤ ብሉጊል የሚባለውን ትንሽ አሳ ሲያባርር ድምፁ ይሰማል። የት ልጀምር? አረሙ መሐል ልግባ ወይስ ዳር ዳሩን ልያዝ? ይህ ዘንግ ይበቃኛል ወይስ ሌላ ልግዛ?

ጠርዝ ለጠርዝ፦

ወንድሜ፣ ከዳር ጀምር። አረሙ አልቆ ጥልቁ ውሃ የሚጀምርበት የውጭ ጠርዝ በዚህ ወር ትልልቁ ባስ የሚውልበት ነው፤ ጥላም፣ ምግብም፣ ማምለጫም እዚያው አለለት። ሚልፎይል ሚኒቶንካ ውስጥ መኖሩ የታወቀው በ1987 ነው፤ ዛሬ ብርሃን የደረሰበት ቦታ ሁሉ ይበቅላል። ስለዚህ ጠርዙ ያለበት ጥልቀት በየወሽመጡ ይለያያል። እንደ ዋይዛታ ቤይ ውሃው በጠራበት ከ12 እስከ 15 ጫማ ሊወርድ ይችላል፤ እንደ ሃልስቴድ ቤይ በደፈረሰበት ቀድሞ ያልቃል። አንዱ ወሽመጥ ላይ የሠራልህን ጥልቀት ይዘህ ሌላው ላይ አትድከም።

ሶናር (በድምፅ ሞገድ የውሃውን ሥር የሚያሳይ መሣሪያ) ባይኖርህም ጠርዙን በእጅህ ታገኘዋለህ። ካያክህን ጥልቁ ላይ አቁመህ 3/8 አውንስ ማጥለቂያ ያለው ቴክሳስ ሪግ (የመንጠቆው ጫፍ የፕላስቲክ ትል ውስጥ የሚሸሸግበት አሠራር) ወደ አረሙ ወርውር፤ ታች እስኪደርስ ክሩን ልቀቅለት፤ ከዚያ በዘንጉ ቀስ እያልክ ሳበው። ሚልፎይል ሲይዘው እንደ ጎማ ይለጠጥና ድንገት ይለቀዋል። ጠጠር ላይ ሲሆን እጅህን ይኮረኩርሃል፤ ጭቃ ላይ ዝም ብሎ ይንሸራተታል። የመጨረሻው መለጠጥ አልቆ መኮርኮሩ ወይም ዝምታው የጀመረበት ነጥብ ጠርዙ ነው። አራት አምስት ቦታ ላይ እንዲህ ካደረግህ መስመሩ የት እንደሚታጠፍ ይገባሃል። ቀጥ ያለውን ጠርዝ ቶሎ እለፈው፤ አረሙ እንደ ምላስ ወደ ጥልቁ የወጣበትን፣ ወደ ውስጥ የገባበትን፣ ሚልፎይሉ ሌላ ዓይነት ተክል ጋ የሚገናኝበትን ግን በደንብ ፈትሽ።

አረም ሲይዝህ ሪሉን (የክር መጠቅለያውን) አታሽከርክር፤ ይበልጥ ይጠመጠምብሃል። ክሩን ወጠር አድርገህ በእጅ አንጓህ ብቻ ጠንከር ያለች ምት ምታው። ተስፈንጥሮ ሲለቅ ነው ባሱ ብዙ ጊዜ የሚመታው፤ ስለዚህ ከለቀቀ በኋላ ሁለት ሦስት ሰከንድ ሳትነካው ተወው።

ስለ ዘንጉ፦ ለጠርዙ ሥራ ይበቃሃል፤ ሞኖውን ግን አውጣው። ይለጠጣል፤ በአረም ውስጥ መንጠቆው አይሰነቀርልህም። 15 ወይም 20 ፓውንድ ብሬድ (የማይለጠጥ የተጎነጎነ ክር) አድርገህ ጫፉ ላይ 3 ጫማ ያህል 12 ፓውንድ ፍሎሮካርቦን (ውሃ ውስጥ ብዙም የማይታይ ክር) እሰር። 5 ኢንች የፕላስቲክ ትል፣ ቁጥር 4/0 ሰፊ መንጠቆ፣ ጫፉ ትሉ ውስጥ የተሸሸገ። በቃ።

የማለዳዋ፦

ስለ ጠርዙ የተባለው ትክክል ነው፤ ግን ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ምንጣፍ የሆነውን አረም ትቶ ማለፍ ያስቆጫል። ብዙ ሰው ፍሮግ (አረም ላይ የሚጎተት እንቁራሪት መሳይ የጎማ ማታለያ) የጠዋትና የማታ ብቻ ይመስለዋል። ጥቅጥቅ ያለ አረም ሌሊቱን ኦክስጅን ሲበላ ስለሚያድር ጎሕ ሲቀድ ውስጡ ያለው ኦክስጅን ዝቅተኛ ነው፤ ብርሃን ሲያገኝ ግን መልሶ ያመርታል። ቀትር ላይ ደግሞ ባሱ ጥላውን ፈልጎ ሥሩ ይገባል።

ለፍሮግ ያለህ ዘንግ አይሆንም። 7 ጫማ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሄቪ (ጠንካራ) ቤይትካስተር፣ ማለትም መጠቅለያው ከላይ የሚቀመጥ ዘንግ፣ 50 ወይም 65 ፓውንድ ብሬድ፣ ያለ ሊደር (ጫፉ ላይ ሌላ ክር ሳይቀጠል) በቀጥታ የታሰረ። ፍሮጉን ከማሸጊያው እንዳወጣህ አትወርውረው። የጎማ እግሮቹን 1 ኢንች ያህል ቁረጥና አንዱን ከሌላው ትንሽ አሳጥረው፤ እኩል ከሆኑ ቀጥ ብሎ ነው የሚመጣው፤ ከተበላለጡ ግን ግራና ቀኝ ይላል። ሁለቱን መንጠቆዎች በፒንሳ እጅግ ጥቂት ወደ ላይ ክፈታቸው፤ ካበዛኸው አረም ይሰበስባሉ። ሆዱ ውስጥ የገባውን ውሃ በየጥቂቱ ውርወራ ጨምቀህ አውጣ።

አሳው የሚያመልጠው ከሁሉ በላይ በችኮላ ነው። ውሃው ሲፈነዳ ዓይንህን አትመን፤ እጅህ ላይ ክብደት እስኪሰማህ ጠብቅ። ከዚያ የላላውን ክር ጠቅልለህ፣ የዘንጉን ጫፍ ወደ አሳው አውርደህ፣ በሙሉ ጉልበት ወደ ላይ ስበህ ሰንቅር። ካያክ ላይ አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለ፦ ስትስብ አንተው ራስህ ወደ አሳው ትሄዳለህ፤ ክሩም ይላላል። ከ20 ያርድ በላይ አትወርውር፤ ከሰነቀርህ በኋላም ማሽከርከርህን ለአፍታ አታቋርጥ።

አሳው ፍሮጉን ስቶ ምንጣፉ ላይ ቀዳዳ ከፍቶ ከሄደ፣ ያ ትልህ የታሰረበት ዘንግ አጠገብህ ይሁን፤ ወዲያው ቀዳዳው ውስጥ ጣለው።

ካያከኛው፦

ሁለታችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ክሬን ወደ ብሬድ እቀይራለሁ። አሁን ያልገባኝ፣ ባሱ ፍሮጉን ከላይ አልነካም ካለ ምንጣፉ ሥር ያለውን እንዴት ነው የማገኘው? ደግሞ አንዳንዱ ምንጣፍ አረንጓዴ፣ አንዳንዱ ቡናማ ነው፤ ልዩነት አለው?

ከባዱ ማጥለቂያ፦

ልዩነቱማ ትልቅ ነው፤ ከእሱ ልጀምር። ቡናማ ሆኖ የላሸቀና እንደ ገማ እንቁላል የሚሸተውን እለፈው። ከርሊ ሊፍ የሚባለው አረም በጁን መጨረሻና በጁላይ መጀመሪያ ስለሚሞት ትናንት አሳ የነበረበት ቦታ በሳምንት ባዶ ይሆናል፤ የሚበሰብሰው አረም ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል። መቅዘፊያህን አስገብተህ ከሥር ያለውን ግንድ አውጣና እየው። ከላይ ቢጫ ቢመስልም ግንዱ ጠንካራና አረንጓዴ ከሆነ ሕያው ነው። ከላይ ተዘግቶ ከሥሩ እንደ ዳስ ክፍት የሆነውን ነው የምትፈልገው።

ፍሮግ ካልነካ፣ በተለይ ቀዝቃዛ ነፋስ አልፎ ሰማዩ ጥርት ባለ ማግሥት፣ ምንጣፉን በስተህ ነው የምትገባው። በመጀመሪያ ክሩ ላይ የጎማ ማቆሚያውን አስገባ፤ ቀጥሎ 1 አውንስ ጥይት መሳይ የተንግስተን ማጥለቂያ፤ ከዚያ 4/0 ቀጥ ያለ የፍሊፒንግ (ከቅርብ ጣል የማድረጊያ) መንጠቆ። ማቆሚያውን ገፍተህ ማጥለቂያውን መንጠቆው ላይ አጣብቀው። ካላጣበቅኸው ማጥለቂያው ብቻውን ይወርዳል፤ ፕላስቲኩ አረሙ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል። ፕላስቲኩም ድብልብል ያለ፣ 3 ወይም 4 ኢንች፣ ክንፍና እግር ያልበዛበት ይሁን። ተንግስተን ውድ ነው፤ ግን በዚያው ክብደት ከእርሳስ ስለሚያንስ በቀላሉ ይሾልካል።

ወደ ላይ ቀለስ አድርገህ ጣለው፤ ቀጥ ብሎ ይውረድ። ሁለት ጊዜ ሞክረህ ካልበሳ ሩብ አውንስ ጨምር፤ በውርወራ ኃይል አታካክስ። ታች ሲደርስ ሁለቴ አንሣው፤ ቀጥሎ ከምንጣፉ ሥር አምጥተህ ለአፍታ ያዘው። ካልነካ አውጣና 2 ጫማ ፈቀቅ ብለህ ድገም። አነካኩ ምት ላይሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ስታነሣው ከወትሮው ከበድ ይልሃል፣ ወይም ታች ሳይደርስ ክሩ ይቆማል። ያኔ አትጠብቅ፤ ስበው። ከፍሮግ የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

ጠርዝ ለጠርዝ፦

አንድ ነገር ልጨምር። ተይዞ አረም ውስጥ ከተወሸቀ በጉልበት አትጓተተው፤ አፉ ይቀደዳል። ክሩን ወጥረህ ካያክህን ወደ እሱ አስጠጋ፤ አረሙን ከነአሳው በእጅህ ሰብስበህ አንሣ። ከማንሣትህ በፊት ግን ምን እንደያዝክ እይ፤ ፓይክ የሚባለው አሳ ከሆነ ጥርሱ ቀልድ አያውቅም፤ ረጅም ፒንሳ ያስፈልግሃል።

ስትወጣም የሚልፎይል ቁራጭ ካያክህ ላይ አይቅር፤ ከአንዲት ቅንጣት አዲስ ተክል ይበቅላል። ሚኒሶታ ውስጥ የውሃ አረም ይዞ መንገድ ላይ መውጣት በሕግ የተከለከለ ነው፤ ካያክህ የውሃ ማፍሰሻ ቡሽ ካለው ደግሞ አውጥተህ ነው የምትጓዘው። መቀመጫው ሥር፣ የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎቹ ውስጥና የመልህቁ ገመድ ላይ ፈልግ፤ ተደብቆ የሚቀረው እዚያ ነው።