ለአይጥ 3 ሚሊዮን ሴል ከሆነ ለሰው ስንት ነው?

ፊዚዮዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስትሮክ ከመታቸው ሰዎች ጋር የምሠራ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ቤተሰቦች ስለ ስቴም ሴል (ወደ ሌላ ዓይነት ሴል መለወጥ ስለሚችል ሴል) ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ የእንስሳት ጥናቶችን እያነበብኩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣ ጥናት የአንጎል ደም ስራቸው ከተዘጋ ከ24 ሰዓት በኋላ 3 ሚሊዮን የመቅኔ ሴል በደም መልስ የተሰጣቸው አይጦች ጥሩ አገግመዋል። 1 ሚሊዮን የተሰጣቸው ግን እንደዚያ አልሆኑም። ታዲያ በኪሎ አባዝቼ ለሰው ማስላት እችላለሁ? ብዙ በተሰጠ ቁጥርስ ይሻላል?

የላብራቶሪ ሰው፦
እህቴ፣ በኪሎ ብቻ አታባዢ። 300 ግራም ለሆነ አይጥ 3 ሚሊዮን ማለት በኪሎ 10 ሚሊዮን ነው። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 700 ሚሊዮን ይመጣል። ለመድኃኒት በተለመደው የሰውነት ገጽ ስፋት ስሌት ከሄድሽ ግን የአይጡ የኪሎ መጠን ለ6.2 ይካፈልና ወደ 113 ሚሊዮን ይወርዳል። ስድስት እጥፍ ልዩነት! ስሌቱ ራሱ ሕይወት ላለው ሴል ተብሎ አልተሠራም።

እኔ ከቁጥሩ በፊት የማየው መንገዱን ነው። በደም መልስ የገባ ሴል መጀመሪያ የሚያገኘው ሳንባን ነው። በላብራቶሪ ያደገ የመቅኔ ሴል ከሳንባ ቀጫጭን የደም ስሮች ስለሚሰፋ አብዛኛው እዚያው ይቀራል። አንጎል የሚደርሰው ጥቂት ነው። በአንገት ደም ቅዳ ሲሰጥ ሳንባን ሳያይ በቀጥታ አንጎል ይገባል፤ አደጋውም እዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣ የአይጥ ጥናት በዚህ መንገድ 100 ሺህ ሴል ደህና ነበር፤ መጠኑ ከፍ ሲል ግን የአንጎል ደም ፍሰት ቀነሰ። ልንከፍተው የመጣነውን ደም ስር መልሰን እንደመዝጋት ነው።

ማስተርስ ተማሪ፦
ልጨምር። ሴሉ መቼ እንደተቆጠረ እዩ። በርዶ ከተቀመጠበት ወጥቶ መርፌ ውስጥ እስኪገባ የሚሞት አለ። ትራይፓን ብሉ የሚባል ቀለም ሲጨመር የሞተው ሰማያዊ ይሆናል፣ በሕይወት ያለው ቀለሙን አያስገባም። ቆጠራው የተሠራው ከመወጋቱ ብዙ ቀደም ብሎ ከሆነ «3 ሚሊዮን» የሚለውን አላምነውም። አይጦቹም አብዛኛውን ጊዜ ወጣትና ጤነኛ ናቸው፤ ያንቺ ታካሚዎች ደግሞ ደም ግፊትና ስኳር ያለባቸው።

ፊዚዮዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! በሰው ላይስ ከፍተኛ መጠን ተሞክሯል?

የላብራቶሪ ሰው፦
አዎ። እ.ኤ.አ. በ2017 ውጤቱ በወጣ ሙከራ ከመቅኔ የተገኘ 1.2 ቢሊዮን ሴል በደም መልስ ተሰጥቶ ነበር፣ ስትሮኩ ከጀመረ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ። ከባድ የደህንነት ችግር አልታየም። በ90ኛው ቀን ግን በዋናው መለኪያ ካልተሰጣቸው ሰዎች የተለየ ውጤት አልተገኘም። ቤተሰቦች ሲጠይቁሽ ይህንን ንገሪያቸው።