ጥቆማ፦ የእጅ ፈትል ጋቢ ከየት ልግዛ?

ለገና ከቤተሰብ ጋር ወደ አርባ ምንጭ እንወርዳለን። ለእናቴ እውነተኛ የእጅ ፈትል ጋቢ ልገዛላት አስቤያለሁ። ዶርዜ ድረስ መውጣት ያዋጣል ወይስ የአዲስ አበባው ሽሮ ሜዳ ይበቃኛል?

መልስ 1
ለጋቢ ከሆነ ዶርዜ ይውጡ። ወደ ጨንቻ በሚወስደው አቀበት ላይ ነው፤ የሐይቁን ሙቀት ትተው ደጋው ላይ ሲደርሱ ጋቢውን ለመግዛት ብቻ ሳይሆን ለመልበስም ይቸኩላሉ። ገበያው ሰኞና ሐሙስ ይቆማል። እኔ የደረስኩት ገበያ በሌለበት ቀን ነበር፤ ይኸው ጠቀመኝ። አንድ አዛውንት እግራቸውን ከሸማ መሥሪያው ሥር ባለው ጉድጓድ ውስጥ ሰደው መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ሲያሳልፉ፣ ባለቤታቸው ደጃፉ ላይ ባዘቶውን በእንዝርት ሲፈትሉ ቁጭ ብዬ አየሁ።

ከዚያ በፊት አንድ ሻጭ «የእጅ ፈትል» ብሎ የማሽን ክር ሸጦልኝ ስለነበር፣ እንዴት እንደሚለይ አዛውንቱን ጠየቅኋቸው። ጋቢውን ወደ ብርሃን ዘርግተው አሳዩኝ፦ የእጅ ፈትል እዚህ ይወፍራል፣ እዚያ ይቀጥናል፤ የማሽኑ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ከዚያ ጠርዙን ቆንጥጠው ንብርብሩን አንድ በአንድ ለያዩት፤ ጋቢ አራት ድርብ ነው። አሁን አሁን ድሩ (የቁመቱ ክር) የፋብሪካ ሆኖ ማጉ (የአግድሙ ክር) ብቻ የእጅ ፈትል የሆነም ብዙ ነው። ነውር የለበትም፣ ዋጋው ግን እንደዚያው ይሁን። ሙሉ የእጅ ፈትል ካገኙ ደግሞ ብዙ አይከራከሩ፤ ፈትሉ ብቻ ሳምንታት ይፈጃል።

ሽሮ ሜዳን ደግሞ አይናቁ፤ እዚያ ከሚሸምኑት ብዙዎቹ ከዚሁ ከጋሞ ደጋ የመጡ ናቸው። ጥለት መርጦ የጥበብ ቀሚስ ለማሠራት እኔ ሽሮ ሜዳን እመርጣለሁ።

መልስ 2
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ አስጎብኚ የሚወስድበት ግቢ ውስጥ ግን ዋጋው ወደድ ብሎብኝ ነበር። ገበያውን አስቀድመው ይዩ።

አንድ ቀን ወደ ሰሜን ከሄዱ አውራምባን አይለፉ፤ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ በኩል ነው። ማኅበረሰቡ በ1964 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን፣ ሽመና እዚያ የወንድ ሥራ ብቻ አይደለም፤ ሴቶችም ይሸምናሉ። የአልጋ ልብሱና የጠረጴዛ ልብሱ ግሩም ነው። ጋቢው ግን የዶርዜውን ያህል አልሞቀኝም። የመንገዱን ጸጥታ ሳያጣሩ እንዳይነሡ።

ጠያቂ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሐሙስ ዶርዜ ነን። አጠባውስ እንዴት ነው?

መልስ 1
ለብ ባለ ውሃ በእጅ፤ ጥለቱ ባለቀለም ከሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ለብቻው ይታጠብ። በረኪና አያስነኩት። ለነገሩ ይህን እናትዎ ከእኛ በላይ ያውቃሉ።