ነብር ብዬ ያተምኩት ነብር አይደለም ተባልኩ

የአራት ኪሎው አታሚ
አራት ኪሎ ትንሽ ማተሚያ ቤት አለችኝ። የልጆች ፖስተር እሠራለሁ፤ ፊደል፣ ፍራፍሬ፣ እንስሳት። ባለፈው «ትልልቅ ድመቶች» ብዬ አንበሳ፣ ነብርና አቦሸማኔ ደርድሬ 200 አተምኩ። ነብሩን ከኢንተርኔት ነው ያወረድኩት። ብርቱካናማ ነው፣ ጥቁር መስመር አለው፣ ሲያምር! አንዲት እናት ልትገዛ መጥታ «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ነብር አይደለም። አቦሸማኔውስ እዚህ ምን ይሠራል?» ብላኝ ጥላው ሄደች። እውነት ተሳስቻለሁ? ትልቅ የሚባለው በኪሎ ነው እንዴ?

ቀበና ማዶ
ነብር አየኝ በላ! የኛ ነብር ዥንጉርጉር ነው፣ ባለ ነጠብጣብ። ያንተው ታይገር ነው። ዱር ውስጥ ያለው እስያ ብቻ ነው።

ጡረተኛው የባዮሎጂ መምህር
ልጄ፣ በኪሎ አይደለም፣ በዝምድና ነው። ፓንቴራ የሚባለው ወገን አምስት ነው፦ አንበሳ፣ ታይገር፣ ነብር፣ ጃጓርና የበረዶ ነብር። ጥቁሩ ነብርም ያው ነብር ነው፤ ቀለሙ ነው የጠቆረ። አማርኛችን ታይገሩንም ዥንጉርጉሩንም «ነብር» ስለሚል አንተ ላይ ብቻ አልፈርድም።

ድሮ «የሚያገሳ ትልቅ፣ የማያገሳ ትንሽ» እያልን እናስተምር ነበር። የበረዶ ነብር አበላሸብን። አያገሳም፤ ዘረመሉ ሲታይ ግን የታይገር የቅርብ ዘመድ ሆኖ ተገኘ። ፑማ የሚባለው የአሜሪካ የዱር ድመት ደግሞ ከበረዶ ነብር ይከብዳል፣ ግን ፓንቴራ አይደለም። አቦሸማኔም ከፑማ ጋር ነው የሚዛመደው። ሲደሰት እንደ ቤት ድመት ሩርር ይላል። ጥፍሩ እንደ ነብር ሙሉ በሙሉ አይሸሸግም፤ ሲሮጥ እንደ ታኬታ መሬት ይቆነጥጥለታል። ሰፋ አድርገው ትልልቅ ድመት ሲሉ እሱንም የሚጨምሩ ስላሉ እሱን እንዳለ ተወው።

የስድስት ኪሎ ልጅ
አንበሳውንስ ከየት አመጣኸው? ጎፈሩ ቢጫ ነው! አንበሳ ግቢ ካደግኩበት ቤት አምስት ደቂቃ ነው፤ ሌሊት ሲያገሱ እየሰማሁ ነው የተኛሁት። የእነሱ ጎፈር ጥቁር ነው፣ ደረት አልፎ እስከ ሆድ ይወርዳል። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ከግቢው አንበሶች የ15ቱን ዘረመል መርምሮ ከሌሎች አንበሶች የተለዩ ሆነው አግኝቷቸዋል። ደጅህ ያለውን ትተህ የሩቁን አተምክ።

የአራት ኪሎው አታሚ
አንድ ስህተት ብዬ መጥቼ ሦስቱንም ፈጃችሁብኝ! እሺ ጋሼ፣ ነብሩ ላይ «ታይገር» የሚል ስቲከር እለጥፋለሁ። አቦሸማኔው እንዳለ ይቀመጥ። ለሚቀጥለው እትም ቅዳሜ ካሜራ ይዤ አንበሳ ግቢ እገባለሁ። ያቺን እናት የሚያውቅ ካለ፣ ፖስተሯ በነፃ ይጠብቃታል በሉልኝ።