የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ የወደደውን መጽሐፍ ለአንባቢ ቢጠቁም ተገቢ ነው?

ጥያቄ፦ የውሰት ክፍል ሠራተኛ

ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። የምሠራው በአንድ የክልል ከተማ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። በተለይ ተማሪዎች ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ ወደ ውሰት መስኮቱ መጥተው፣ የሚፈልጉትን ርዕስ ከመጥራት ይልቅ «ጋሼ፣ እርስዎ አንብበው የወደዱት ምን አለ?» ብለው ይጠይቁኛል። እስካሁን የምመልስላቸው በቃል ነበር፤ አሁን ግን እኔና ባልደረቦቼ የወደድናቸውን መጻሕፍት በአጭር ጽሑፍ እያስተዋወቅን፣ ከሥሩም ስማችንን እያሰፈርን፣ በመግቢያው ሰሌዳ ላይ ለመለጠፍ አስበናል። አንድ ባልደረባችን ግን ቤተ መጻሕፍቱ የሁሉም ስለሆነ፣ ሠራተኛ የግል ምርጫውን በተቋሙ ግድግዳ ላይ ማስፈሩ አድልዎ እንደሚመስልና በሃይማኖትና በፖለቲካ ጉዳይም ሊያስወቅሰን እንደሚችል በመግለጽ ሐሳቡን ተቃውሟል። ስጋቱን ቀላል አድርጌ አላየሁትም። አሠራሩን የምታውቁ ምክራችሁን ብትለግሱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፦ በሙያው የቆየች ባለሙያ

ስጋቱ ተገቢ ቢሆንም ከጥቆማ የሚያግድ አይመስለኝም። ሕንዳዊው የቤተ መጻሕፍት ሊቅ ራንጋናታን በ1931 እ.ኤ.አ. ባሳተሟቸው አምስት ሕጎች ውስጥ፣ ለእያንዳንዱ አንባቢ መጽሐፉ፣ ለእያንዳንዱ መጽሐፍም አንባቢው ሊገኝለት እንደሚገባ ደንግገዋል። እኔ ጥቆማን የማየው በዚህ በኋለኛው ሕግ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» ማንም ሳይጠቁመው ይወጣል፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ከተረከው ወዲህ መጽሐፉን ያልገለጠ ሰው እንኳ ታሪኩን ያውቀዋል። የእኛን ቃል የሚሹት፣ ጥሩ ሆነው ሳሉ በጀርባቸው በተለጠፈው የመመለሻ ቀን ወረቀት ላይ ማኅተም ካረፈ ዓመታት ያለፋቸው መጻሕፍት ናቸው።

ካርዱ ላይ «ግሩም መጽሐፍ ነው» ብሎ መጻፍ ለአንባቢ ምንም አይነግረውም። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፋለሁ፦ «ይህ ልብ ወለድ የሚጀምረው በዝግታ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች ለታገሠ ግን ባለታሪኳ ከእናቷ ጋር የምትገጥመው ሙግት መጽሐፉን አያስከድንም። ፈጣን ታሪክ ለሚወድ ሰው አልመክረውም።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እንዳትዘነጓት አደራ እላለሁ፤ ለማን እንደማይሆን የተነገረለት አንባቢ ቀሪውንም ቃላችሁን ያምናል። ስማችሁ ከሥር መስፈሩም አስተያየቱ የእናንተ እንጂ የተቋሙ አቋም አለመሆኑን ያስረዳል።

መልስ፦ አንባቢ

የምጠቀምበት ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያው ለአንባቢ ዝግ ነው። በካታሎግ መለያ ቁጥሩን ፈልጌ፣ ቅጽ ሞልቼ በመስኮት አስገባለሁ፤ ሠራተኛው ከውስጥ ያመጣልኛል። ስለዚህ መጽሐፍ ከመደርደሪያ አንስቶ፣ ገለጥ ገለጥ አድርጎ የመምረጥ ዕድል የለኝም፤ መኖሩን የማላውቀውን መጽሐፍ ደግሞ ልጠይቅ አልችልም። እንዲህ ባለ ቦታ በመደርደሪያዎቹ መካከል በየቀኑ የሚመላለሰው ሠራተኛ ዝም ካለ፣ ብዙ መጻሕፍት ለእኛ እንደሌሉ ይቆጠራሉ። አድልዎ የሚባለውን ነገር የምፈራው ከዚህ በኋላ ነው።

አንድ ልመና ግን አለኝ። ከመጠቆማችሁ በፊት ጠይቁን። አንድ ጊዜ ሐዘን ላይ ሆኜ ልብ የሚያሳርፍ ነገር ብጠይቅ፣ ሠራተኛው ራሱ የሚወደውን ወፍራም የጦርነት ታሪክ አምጥቶ ሰጠኝ፤ በቅንነት እንዳደረገው ባውቅም ሳልጨርሰው መለስኩት።

መልስ፦ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ

ከላይ በተሰጠው ሐሳብ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። አሜሪካዊቷ ባለሙያ ጆይስ ሳሪክስ ለዚሁ ሥራ ያስተማሩት ዘዴ በእጅጉ ጠቅሞኛል፤ አንባቢውን በቅርቡ የወደደውን መጽሐፍ እንዲተርክልን እንጠይቀዋለን፣ ከአተራረኩም የስበቱ ምንጭ የታሪኩ ፍጥነት፣ የገጸ ባሕርያቱ አሳሳል፣ የሴራው አካሄድ ወይም ታሪኩ የተፈጸመበት ዓለም መሆኑን እንለያለን። ስለ አንድ ሰው ደጋግሞ የሚያወራን አንባቢ፣ ከሌላ ልብ ወለድ ይልቅ ግለ ታሪክ ሊያስደስተው ይችላል።

ሃይማኖትንና ፖለቲካን በተመለከተ ግን ከእህታችን ትንሽ እለያለሁ፤ በካርድ ላይ የሰፈረ ስም ብቻውን ከወቀሳ አያድንም። በግድግዳው ላይ ልብ ወለድ፣ የጉዞ ማስታወሻና ሳይንስ ይለጠፉ፤ በአከራካሪ ጉዳይ የሚጠይቅ ሲመጣ በመስኮቱ የተለያየ ወገን የጻፋቸውን አብሮ ማቅረብ ይሻላል። እገሌም ይህን ወስዶ ወዶታል ማለት ደግሞ ፈጽሞ አይገባም፤ ሰው ያነበበው የራሱ ምስጢር ነው።

ጠያቂው

እጅግ አመሰግናለሁ። የእኛም መደርደሪያ ዝግ ስለሆነ፣ ሰሌዳውን ከመግቢያው አንስተን ቅጽ ከሚሞላበት ጠረጴዛ አጠገብ ለማድረግ፣ በየካርዱም ላይ የመለያ ቁጥሩን ለመጻፍ ወስነናል። በአፋን ኦሮሞ የሚያነብ ባልደረባችን ካርዶቹን በዚያው ቋንቋ ያዘጋጃል። የቀረን ጥያቄ አንድ ቅጂ ብቻ ያለውን መጽሐፍ የሚመለከት ነው፤ በውሰት ላይ ሳለ ካርዱን እናንሳው ወይስ ተመሳሳዩን ከሥሩ እንጠቁም?

መልስ፦ በሙያው የቆየች ባለሙያ

ካርዱ ይቆይ፤ ከሥሩ ሌላ መጽሐፍ ጠቁሙ፣ የወረፋ መመዝገቢያ ደብተርም አዘጋጁ። ወረፋው እየረዘመ ከሄደ ሁለተኛ ቅጂ ለማስገዛት ለኃላፊዎቻችሁ የምታቀርቡት ማስረጃ ይሆናችኋል።