“ኤልኤምአይኤ ወጥቶላችኋል” እያለ ብር የሚሰበስብ ደላላ፤ ወረቀቱ በምን ይጣራል?

ኮዬ 12
ሰላም ለሁላችሁ። ኮዬ ፈጬና ቱሉ ዲምቱ አካባቢ አንድ ደላላ “ወቅታዊ የእርሻ ሥራ ካናዳ” እያለ ወጣቶችን እየመዘገበ ነው። ለምዝገባ 5,000 ብር፣ ኤልኤምአይኤ የሚሉት የካናዳ ቅጥር ፈቃድ ሲመጣ 150,000፣ የቀረው ቪዛ ሲመታ። ወረቀቱ በቴሌግራም የደረሳቸው አሉ፤ አርማም ማህተምም አለው። ፓስፖርታቸውንም ሰብስቧል። ወላጆች ከብት እየሸጡ ነው። እውነት መሆኑ በምን ይታወቃል? የከፈሉትስ ምን ያድርጉ?

የወረቀት ሰው
ማህተሙን ተዉት፣ ክፍያውን እዩ። ኤልኤምአይኤ ካናዳዊው አሠሪ “ለዚህ ሥራ እዚህ ሰው አጣሁ” ብሎ ከመንግሥቱ የሚያወጣው ፈቃድ ነው። የሚያመለክተው እሱ፣ የሚከፍለውም እሱ ነው፤ ለአብዛኛው ሥራ በአንድ መደብ 1,000 የካናዳ ዶላር። ያንን ከሠራተኛ መቀበል ክልክል ነው። እርሻ ላይ ለሚሠራ ሥራማ ይሄ ክፍያ ጭራሽ የለም! ታዲያ 150,000ው የምን ነው?

ደግሞ ወቅታዊ የእርሻ ሠራተኞች የሚባለው ፕሮግራም ለሜክሲኮና ለካሪቢያን አገሮች ዜጎች ብቻ ነው። ኢትዮጵያዊ አይገባበትም።

ሠራተኛው ራሱ የሚከፍለው የሥራ ፈቃድ ማመልከቻ 155 እና አሻራ 85 የካናዳ ዶላር ነው፣ በካርድ ለመንግሥቱ። የአሻራ ደብዳቤ የሚመጣው ማመልከቻው ገብቶ ከተከፈለ በኋላ ነው፤ የማመልከቻ ቁጥር ሳይኖር “አሻራ ተቀጥሯል” የሚል ካለ ውሸት ነው። አሠሪውን ለማጣራት ወረቀቱ ላይ ባለው ስልክ አትደውሉ፤ የድርጅቱን ቁጥር ራሳችሁ ፈልጉና “ይሄን ደብዳቤ ሰጥታችኋል?” በሉ።

ትዕግስት ከገላን
አጠያየቁን ልብ በሉ። 5,000ው ትንሽ የሆነው ሆን ተብሎ ነው። ያን የከፈለ ሰው “እስካሁን ያወጣሁት ከንቱ እንዳይቀር” እያለ ቀጣዩን ይጨምራል፤ ከዚያ ሜዲካል፣ ከዚያ “ኤምባሲ ላይ ተይዟል፣ ለማስለቀቅ”። በየመሀሉ የአንድ ሰው ቪዛ ፎቶ ግሩፕ ላይ ይለጠፋል። ቀድሞ የጮኸ ካለ ብሩ ይመለስለታል፤ ያ ሰው ሌላውን ያሳምናል።

ፈቃዱንም ጠይቁት። በውጭ አገር ሥራ ስምሪት ሕጉ መሠረት ሰውን ከውጭ አገር ሥራ ጋር የሚያገናኝ ኤጀንሲ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ የቪዛና የትኬት ወጪም የአሠሪው ነው።

የሕግ ነገር
የከፈላችሁ፣ ዛሬውኑ ስክሪንሻት አንሱ። ቴሌግራም ላይ ላኪው መልእክቱን ከእናንተም ስልክ ላይ ማጥፋት ይችላል። ስልክ ቁጥሩና ቀኑ ይታይ። ብር የገባበት ሂሳብ ባለቤት ስም ብዙ ጊዜ ከደላላው ይለያል፤ ደረሰኙን ያዙ። በካሽ የሰጣችሁ፣ ማን አጠገብ እንደነበረ ከነቀኑ ጻፉ። ከዚያ ተሰብስባችሁ አንድ ላይ ለፖሊስ አመልክቱ፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 ማታለልን ይመለከታል። ባንኩ ያለ ትእዛዝ ብሩን አይመልስም፣ ግን ቶሎ አሳውቁት።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር፦ በስማችሁ ሐሰተኛ ሰነድ ካናዳ ከገባ 5 ዓመት ልትታገዱ ትችላላችሁ። “እኔ አይደለሁም፣ ደላላው ነው” ማለት አያድንም። ያልገባ ካለ አሁኑኑ አስቁሙት።

ኮዬ 12
ፓስፖርቱን አልመልስም ቢልስ?

የሕግ ነገር
ለመመለስ ብር ቢጠይቅ አትክፈሉ። የፓስፖርቱን ቁጥር ወይም ኮፒ ይዛችሁ ፖሊስ ዘንድ አስመዝግቡ፤ ካላስመለሰ የፖሊሱን ማስረጃ ይዛችሁ ኢሚግሬሽን ሂዱ።