የሕፃናት ማቆያ ሞግዚቶች ሥልጠና ለምን በሳምንቱ ይረሳል?

ጥያቄ፦
8 ሞግዚቶች፣ ከ3 ወር እስከ 3 ዓመት ያሉ ልጆች። በዓመት ሁለቴ የሙሉ ቀን ሥልጠና አለ። በዕለቱ ሕፃናቱን እያናገሩ በእርጋታ መንከባከብ እንደሚሻል ሁሉም ይስማማል፤ በሳምንቱ ዳይፐር ሲቀየር ያው ዝምታ፣ ያው ጥድፊያ። ሠራተኛ ከክፍል ማውጣትም ከባድ ነው። ምን ይሻላል?

መልስ 1፦
ቀን ሙሉ የተሰማ ንግግር እጅ የለመደውን አያስለቅቅም። አንድ ሥራ ብቻ ምረጡ። ዳይፐር መቀየር ይመረጣል፤ በቀን ብዙ ጊዜ ይደጋገማል፣ ሞግዚቷና ሕፃኑም ለብቻቸው ናቸው።

ከ3 እስከ 5 ደቂቃ በስልክ ቅረጹ። የወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ ይኑር፤ ካሜራው የሞግዚቷን ፊትና እጅ፣ የሕፃኑንም ፊት ይያዝ እንጂ ገላው አይታይ። ቪዲዮውን መጀመሪያ ራሷ ትየው። ከዚያ «እዚህ ጋ ሕፃኑ ምን እያለሽ ነው?» ብላችሁ ጠይቋት። «ለምን እንዲህ አደረግሽ?» ካላችኋት በሚቀጥለው ለካሜራ ነው የምትሠራው።

የሚለወጠው አንድ ነገር ይሁን፦ «እግርህን ላነሳው ነው» ብሎ ከ5 እስከ 10 ሰከንድ መጠበቅ። የ6 ወር ልጅ ዞር ብሎ ያያል ወይም እግሩን ያላላል፤ መልሱ ያ ነው። ብዙዎች የሚሰናከሉት መጠበቁ ላይ ነው። ለፈጣን እጅ 5 ሰከንድ ዘላለም ነው፣ ስለዚህ በልባቸው ይቁጠሩ። ከ2 ሳምንት በኋላ ድጋሚ ቅረጹና ሁለቱን አስተያዩ።

መልስ 2፦
እስማማለሁ፣ ግን ደህንነት በውይይት አይለመድም። ከ1 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ትን ብሎት ማልቀስም መተንፈስም ካቃተው፦ ክንድ ላይ በሆዱ አስተኝቶ፣ ጭንቅላቱን ከደረቱ ዝቅ አድርጎ፣ በመዳፍ ሥር ጀርባው ላይ በትከሻዎቹ መሃል 5 ጊዜ መምታት። ካልወጣ ገልብጦ ደረቱን መሃል ላይ 5 ጊዜ መጫን፤ እስኪወጣ እያፈራረቁ መቀጠል። ሆዱን መጫን ክልክል ነው፣ ጉበቱ ይጎዳል። የማይታይ ነገር ፍለጋ ጣት አፉ ውስጥ መክተትም እንዲሁ፤ የባሰ ወደ ውስጥ ይገፋል። ይህን በየ3 ወሩ በአሻንጉሊት አሠሯቸው። የመጀመሪያ እርዳታ ሰርተፊኬቱ ጊዜው ገና ሳያልቅበት እጅ ይረሳል።

መልስ 3፦
ጊዜውን በተመለከተ፦ «ልጆቹ ሲተኙ እንወያይ» የሚለው ለትልልቆቹ ክፍል እንኳ የሚሠራው አንድ ሰው እየጠበቃቸው ከሆነ ነው። ጨቅላዎቹ ጋ አይሠራም፣ እያንዳንዱ በራሱ ሰዓት ነው የሚተኛው። ኃላፊዋ ራሷ ክፍል ገብታ ለውይይት የምትወጣዋን ሞግዚት ለ20 ደቂቃ ትተካት፤ ለአንድ ሞግዚት ከ3 ወይም 4 ጨቅላ በላይ እንዳይሆን። በሳምንት ሁለት ሞግዚት ከተካች በ4 ሳምንት 8ቱም ይዳረሳሉ።

ጠያቂ፦
ስለዚህ የ2 ሳምንቱ ድጋሚ ቀረጻ በ4 ሳምንቱ ዙር ላይ አይደራረብም?

መልስ 3፦
ይደራረባል። በመጀመሪያው ዙር ፈቃደኛ የሆኑ 4 ሞግዚቶችን ብቻ ያዙ፤ በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ይቀረጻሉ፣ በቀጣዮቹ 2 ይደገማሉ።